ለመትረፍ የሚታገሉ ገጸ ባሕርያት

የመትረፍ ታሪክ የሚባለው የለመዱት ኑሮ በድንገት የተቋረጠባቸው፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ሙቀትና መጠለያ የየዕለት ጥያቄ የሆኑባቸው ሰዎች ታሪክ ነው። መርከብ ይሰበራል፣ አውሮፕላን ይወድቃል፣ ጦርነት ቤተሰብ ይበትናል፣ የእስር ቤት በር ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ሴራው ከላይ ሲያዩት እጅግ ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ወይ ይተርፋል ወይ ይሞታል። አንባቢን ሦስት መቶ ገጽ ይዞ የሚጓዘው ግን ይህ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሥነ ጽሑፍ መማሪያ መጻሕፍት ግጭትን ሲከፋፍሉ ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከማኅበረሰብ፣ ሰው ከራሱ ጋር እያሉ ነው። የመትረፍ ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከተፈጥሮ ጋር በሚለው ሥር ይመደባል። ምደባው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ባሕር፣ ብርድና ረሃብ ጠላት የሚባሉት ለአነጋገር ያህል ነው፤ ቂም አይዙም፣ አያደቡም፣ ሽማግሌ ቢላክባቸው አይታረቁም። በዚህ ምክንያት ደራሲው ግጭቱን ሊያኖርበት የሚችለው ዋናው ሥፍራ የገጸ ባሕርዩ ልብ ይሆናል። አሁን ልብላው ወይስ ላቆየው? ልረፍ ወይስ ልቀጥል? የመከሩኝን ልስማ ወይስ የራሴን ልከተል? የዘርፉ ታላላቅ ሥራዎች የተገነቡት እንዲህ ካሉ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው።

ዳንኤል ዲፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ለንደን ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1719 ነው፤ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ የተወራለት እውነተኛ ታሪክ ነበር። አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ መርከበኛ፣ የተሳፈረበት መርከብ አርጅቷል፣ ይሰምጣል ብሎ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ በ1704 ከቺሊ ማዶ ባለች ሰው አልባ ደሴት ላይ ቀረ። አራት ዓመት ከአራት ወር ብቻውን ከኖረ በኋላ በ1709 ሌላ የእንግሊዝ መርከብ አገኘው። ትቶት የሄደው መርከብ እንደፈራውም ሰምጦ ነበር። ብዙዎች እንደሚስማሙበት ዲፎ መነሻ ያደረገው ይህን ታሪክ ነው፤ አራቱን ዓመት ግን ሃያ ስምንት አደረገው። ዛሬ ያች ደሴት የምትጠራው በሴልከርክ ሳይሆን በክሩሶ ስም ነው።

ክሩሶ ከማዕበሉ ተርፎ የባሕሩ ዳር ላይ ሲወድቅ ያዝናል፤ ከዚያ ወደ ሥራ ይገባል። የተሰበረው መርከብ ገና ከዳርቻው ሳይርቅ የእንጨት መንሳፈፊያ እየሠራ ይመላለሳል፤ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ ባሩድ፣ ብስኩት፣ ሸራ ያወርዳል። ገንዘብ ሲያገኝ እዚህ ምን ይፈይዳል ብሎ ይንቀዋል፤ ጥቂት አስቦ ግን ይዞት ይሄዳል። ይህች አንዲት እንቅስቃሴ ሰውዬውን ከብዙ ገጽ ገለጻ በላይ ታስተዋውቃለች። ክሩሶ ደሴት ላይ ወድቆም ነጋዴ ነው። ከደረሰበት መከራ ፊት ለፊት ያለውን በጎ ነገር እየጻፈ፣ እንደ ሒሳብ መዝገብ ገቢና ወጪ አድርጎ ያመዛዝናል፦ ብቻውን ቀርቷል፣ ነገር ግን ጓደኞቹ ሁሉ ሲሰምጡ እሱ በሕይወት አለ፤ ልብስ የለውም፣ ነገር ግን አገሩ ሞቃት ነው። እንጨት ላይ በየቀኑ ምልክት እየቀረጸ ቀን ይቆጥራል። ቀን መቁጠር ሆድ አይሞላም፤ ለክሩሶ ግን አእምሮውን ከመበተን ያዳነው ይኸው ልማድ ነው።

ዲፎ ከሁሉ በላይ የተካነው የሥራን ክብደት በማሳየት ነው። ክሩሶ አንድ ሳንቃ ለማግኘት አንድ ሙሉ ዛፍ ይቆርጣል፣ ከሁለቱም ወገን እየጠረበ ያሳሳዋል። የመጀመሪያውን ዘር ያለ ወቅቱ ዘርቶ ዝናብ ይጠፋበታል። ሸክላ ለመሥራት ሲሞክር ጭቃው ይፈርስበታል፣ ይሰነጠቅበታል፣ በመጨረሻ እሳት ውስጥ የወደቀ ስባሪ ጠንክሮ ሲያይ ምሥጢሩን ያገኛል። ከሁሉ የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ የታንኳው ነገር ነው። ግዙፍ ዛፍ ጥሎ ወራት ፈጅቶ ብዙ ሰው የሚይዝ ጀልባ ይፈለፍላል፤ ከጨረሰ በኋላ ጀልባው ከውሃው ርቆ፣ ለአንድ ሰው ጉልበት ከብዶ ይቀራል። ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ጀልባው ለማምጣት ያሰላና ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት ሲያውቅ ይተወዋል። «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚለው ተረት የሚሠራው ችግሩ ካስተማረ ነው፤ ክሩሶ የተማረው ከመጀመሩ በፊት መጨረሻውን ማሰብን ነው።

የልብ ወለዱ ከፍተኛ የፍርሃት ጊዜ ማዕበሉም ሕመሙም አይደለም። ለዓመታት ሰው ናፍቆ የኖረው ክሩሶ አንድ ቀን አሸዋ ላይ የሰው እግር ዱካ ሲያይ እንደ እብድ ሮጦ ምሽጉ ውስጥ ይደበቃል፤ ከዚያ ወዲያም ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ያጣል። ተፈጥሮን መላመድ ችሏል፤ ሰውን ግን አይችልም። እዚህ ላይ መጽሐፉ ለዘመኑ የማይመች ጥያቄ ለዛሬ አንባቢ ይተዋል። ክሩሶ መርከቡ የተሰበረበት አፍሪካውያንን በባርነት ለመግዛት ወደ ጊኒ ጠረፍ ሲሄድ ነው። ቀደም ሲል እሱ ራሱ በሰሜን አፍሪካ ተማርኮ ባሪያ ሆኖ ነበር፤ አብሮት ያመለጠውን ልጅም ለሌላ አሳልፎ ሸጦታል። ፍራይዴይ ብሎ የሰየመውን ሰው ከሞት ካዳነው በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ አድርጎ የሚያስተምረው «ጌታዬ» ማለትን ነው። መከራ ሰውን ያሻሽላል የሚለው እምነት በዚህ መጽሐፍ ብዙም አይደገፍም። ክሩሶ እጁ ብልህ ሆነ፣ ጸሎተኛም ሆነ፤ ስለ ሌላው ሰው ያለው አስተሳሰብ ግን ከመርከቡ ጋር አልሰጠመም።

በጃክ ለንደን አጭር ልብ ወለድ «እሳት ለማንደድ» ውስጥ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ አይተርፍም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1897 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካናዳ ክሎንዳይክ ከተመሙት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ክረምቱን እዚያ አሳልፎ በምግብ እጥረት ታሞ ተመለሰ እንጂ ወርቅ አላገኘም። ታሪኩን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። በ1902 ለወጣቶች መጽሔት ባቀረበው ሰውዬው ስም አለው፣ ይተርፋልም። በ1908 እንደገና ሲጽፈው ስሙንም ሕይወቱንም ወሰደበት። የሚነበበው ሁለተኛው ነው፤ የተሻለውም እሱ ነው።

ሰውዬው ብርዱ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት ቀን፣ ከአንድ ውሻ ጋር ብቻ፣ ጓደኞቹ ወዳሉበት ሠፈር በእግሩ ይጓዛል። አገሩን የሚያውቁ አንድ አዛውንት እንዲህ ባለ ብርድ ማንም ብቻውን መንገድ አይውጣ ብለውት ነበር፤ ሳቀባቸው። ሰነፍ አይደለም፤ መንገዱን ያስተውላል፣ ከበረዶው ሥር የተደበቀ ውሃ እንዳይኖር ይጠነቀቃል፣ ሰዓቱን ያሰላል። የጎደለው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በዓይነ ሕሊናው ማየት ነው። ዲግሪው ለእሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰው የተባለ ፍጡር በጠባብ የሙቀት ልክ ውስጥ ብቻ መኖር የሚችል መሆኑን አያስብም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእጅ ጣቶች ላይ የሚፈጸም ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። ካልሲውንና ጫማውን ለማድረቅ እሳት ማንደድ አለበት፤ ያነዳል፣ ግን ከዛፍ ሥር ነው። ጭራሮ ከዛፉ ሲስብ ቅርንጫፉ ላይ የተከመረው በረዶ ተንዶ እሳቱን ያዳፍነዋል። ሁለተኛውን ሲሞክር ጣቶቹ ደንዝዘው ክብሪት መያዝ ያቅታቸዋል። ሰባውን ክብሪት በአንድነት በሁለት መዳፉ መካከል ይዞ ይጭራል፤ ሥጋው ሲቃጠል ይሸተዋል እንጂ አይሰማውም ነበር፣ ኋላ ግን ሕመሙ ይደርስበታል። ውሻውን ገድሎ እጁን በሆዱ ውስጥ ሊያሞቅ ያስባል፤ ቢላዋውን መጨበጥ አይችልም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይፈጸማል። መከራው መክሮታል፤ ሽማግሌው ልክ ነበሩ ብሎ በሐሳቡ ያምናል፤ ነገር ግን ምክሩን የሚጠቀምበት እጅ አልቀረለትም። ውሻው ደግሞ ቴርሞሜትር ሳያውቅ ገና ከጠዋቱ መንገዱን ጠልቶት ነበር። ለንደን በዚህ ታሪክ ዕውቀትን ሳይሆን ዕውቀቱን ከራስ ሥጋ ጋር ማገናኘት አለመቻልን ነው የሚከሰው።

ብርድና ረሃብ በሰው ትእዛዝ ሲመጡ ግጭቱ መልኩን ይለውጣል። አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲን በ1945 ተይዞ ስምንት ዓመት የተፈረደበት የሶቪየት መኮንን ነበር፤ ካዛክስታን ውስጥ ባለ ካምፕ ግንበኛ ሆኖ ሠርቷል። «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» የተሰኘው ሥራው በኅዳር 1962 ሞስኮ ላይ «ኖቪ ሚር» በተባለው መጽሔት ሊታተም የቻለው የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ራሳቸው ስለፈቀዱ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢቫን ዴኒሶቪች ሹኮቭ የገጠር ሰው ነው። በጦርነቱ በጀርመኖች ተማርኮ አምልጦ ቢመለስ፣ ሰላይ ነህ ተብሎ አሥር ዓመት ተፈረደበት። መጽሐፉ ከጠዋቱ የማንቂያ ደወል እስከ ማታ የሚሆነውን ብቻ ይተርካል።

በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ምንም ታላቅ ነገር አይከሰትም። ማምለጥ የለም፣ ዐመፅ የለም። ሹኮቭ ከዳቦው ግማሹን ፍራሽ ውስጥ ሰፍቶ ይደብቃል። ሾርባ ሲበላ ቆቡን ያወልቃል። ከጫማው ውስጥ የማትለየው፣ ራሱ ከአሉሚኒየም ያቀለጣት ማንኪያ አለችው። ካምፑን ገና ሲገባ የነበረ የሥራ አለቃ የነገረውን ሕግ አይረሳም፤ እዚህ የሚያልቁት የሌላውን ሳህን የሚልሱ፣ ተስፋቸውን ሐኪም ቤት ላይ የሚጥሉና በጓደኞቻቸው ላይ የሚያሳብቁ ናቸው። ሦስቱንም አያደርግም። አጠገቡ ያለው ፌቲዩኮቭ ግን የሰው ሲጋራ ቁራጭ እየጠበቀ፣ ሳህን እየላሰ ይኖራል፤ ድብደባና ንቀትም ይከተለዋል።

ከመጽሐፉ ምርጡ ክፍል የግንቡ ሥራ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ተኩል ነው፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር መለጠፍ አለበት። ሹኮቭ በግድ የሚሠራውን ግድግዳ እንደራሱ ቤት ያስተካክለዋል፤ ሥራ ማቆሚያው ከተደወለ በኋላ እንኳ የተረፈው ሲሚንቶ እንዳይባክን ይጣደፋል፣ ሲጨርስም ቆም ብሎ ቀጥ ማለቱን ይመለከታል። ይህ ትዕይንት ብዙ አከራክሯል። ለአሳሪው መልፋት ባርነትን መቀበል አይደለምን? ሶልዠኒትሲን የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉ ነገሩ ለተቀማ ሰው የቀረችለት አንዲት ንብረት ሙያው ናት። የክሩሶ ሥራ ደሴቱን የራሱ ለማድረግ ነበር፤ የሹኮቭ ሥራ ራሱን የራሱ ለማድረግ ነው። ቀኑ ሲያልቅ ተጨማሪ ገንፎ አግኝቷል፣ ያገኘውን የመጋዝ ስባሪ ሳይያዝበት አስገብቷል፣ የቅጣት ክፍል አልገባም፤ ደስ ብሎት ይተኛል። ይህን የመሰለ ቀን 3,653 አለው። ሦስቱ የተጨመሩት በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣው ትርፍ ቀን የተነሣ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከየትኛውም ስድብ በላይ የሚከብደው ክስ ይኸው የሒሳብ ስሌት ነው።

ሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ»ን በ1952 ሲያወጣ፣ ሙሉውን ያተመው «ላይፍ» መጽሔት በሁለት ቀን ከአምስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ኩባዊው ዓሣ አጥማጅ ሳንቲያጎ 84 ቀን ምንም ሳይዝ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ከሚያጠምድበት አልፎ ብቻውን ይርቃል፤ ከጀልባው የሚረዝም ዓሣ ይይዛል። ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የሚለየው ወደ አደጋው የሄደው ወድዶ መሆኑ ነው። ከዓሣው ጋር ይነጋገራል፣ ያከብረዋል፣ ያዝንለታልም፤ የጨመደደች ግራ እጁን ግን እንደ ከዳ ባልንጀራ ይገሥጻታል። ዓሣውን ሻርኮች ጨርሰውት አጥንቱን ብቻ ይዞ ሲመለስ ራሱን የሚወቅሰው በመሸነፉ ሳይሆን ከልክ በላይ በመራቁ ነው።

ብቻውን ያለ ሰው ቢያንስ የሚጠረጥረው የለውም። ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 ባሳተመው «የዝንቦች ጌታ» ከጦርነት ሲሸሹ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ደሴት ላይ የወደቁ እንግሊዛውያን ልጆችን አሰባሰበ። ጎልዲንግ አስተማሪ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ተዋግቷል። መጽሐፉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1857 ለወጣው የባላንታይን «የኮራል ደሴት» መልስ እንዲሆን ነው፤ እዚያ ሦስት እንግሊዛውያን ልጆች ደሴት ላይ ደስ ብሏቸው፣ ተባብረው ይኖራሉ። በጎልዲንግ ደሴት ላይ ውሃ አለ፣ ፍራፍሬ አለ፣ አየሩም ሞቃት ነው፤ በረሃብ የሚሞት የለም። ጠቡ የሚነሣው ሥራን በማስቀደም ላይ ነው። ራልፍ መርከብ እንዲያያቸው ጭስ እንዳይጠፋ ይላል፤ ጃክ አሳማ እናድን ይላል። አዳኞቹ እሳቱን ትተው በሄዱበት ሰዓት መርከብ ያልፋል፤ ከዚያ ጀምሮ ነገሩ ወደ ደም ይወርዳል። እሳቱን የሚያያይዙበት ፒጊ የሚባለው ልጅ መነጽር ቅርብ ብቻ ለሚያይ ሰው የተሠራ ስለሆነ በእውነቱ ዓለም ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም፤ ደራሲው ይህን አላሰበውም ወይም አላስጨነቀውም። በመጨረሻ ጃክ ራልፍን ከተደበቀበት ለማስወጣት ደሴቱን ሲያቃጥል፣ ራልፍ ሲለምንበት የኖረው ጭስ መርከብ ይጠራል።

ይህ መጽሐፍ ስለ ሰው ተፈጥሮ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ይሰማል። ልብ ወለድ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ተቃራኒውን የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክም አለ። በ1965 ስድስት የቶንጋ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጠፍተው ያለፈቃድ በወሰዱት ጀልባ ባሕር ሲገቡ ማዕበል መንገድ አስቷቸው አታ የተባለች ሰው አልባ ደሴት ላይ ወደቁ። ወደ 15 ወር ገደማ ኖሩ። ሥራ በተራ ተከፋፈሉ፣ ያቀጣጠሉትን እሳት ሳያጠፉ ጠበቁ፣ አንዱ ከገደል ወድቆ እግሩ ሲሰበር በእንጨት አሰሩለትና ዳነ። የተጣሉ ለጊዜው ተለያይተው ንዴታቸው ሲበርድ ይታረቁ ነበር። በመስከረም 1966 አንድ አውስትራሊያዊ የዓሣ ጀልባ አዛዥ አገኛቸው። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ የሚተዋወቁና ከአንድ ባህል የመጡ ነበሩ፤ የጎልዲንግ ልጆች ግን አብዛኞቹ ከመውደቃቸው በፊት አይተዋወቁም። ንጽጽሩ ይህን ሳይዘነጋ መደረግ አለበት።

አንዳንዴ ለመትረፍ መጣስ ያለበት የራስ ወገን ደንብ ነው። በስኮት ኦዴል «የሰማያዊ ዶልፊኖች ደሴት» (1960) ካራና የተባለችው ልጅ ሕዝቧ በመርከብ ሲሄድ ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ባለች ደሴት ትቀራለች። የወገኖቿ ልማድ ሴት መሣሪያ እንድትሠራ አይፈቅድም፤ ከሠራች ቀስቱ በክፉ ሰዓት ይሰበርባታል ይባላል። ጦርና ቀስት የምትሠራው ፍርሃቷ ሳይለቃት ነው። ወንድሟን ከገደሉት የዱር ውሾች መሪውን ልትገድል አድፍጣ ታቆስለዋለች፤ ከዚያ ግን አስታማ ወዳጅ ታደርገዋለች። ብቸኝነት ከበቀል በላይ እንደሚጎዳ ያወቀችው ያኔ ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድም የተጀመረው ከእንዲህ ያለ መከራ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» በጦርነት የተማረከ አባትን፣ ለውለታ መላሽነት ወጥቶ የጠፋ ወንድምን ይተርካል። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ደሴት ላይ ያለ ሰው መሣሪያው መጥረቢያ ሲሆን፣ በሰው መካከል የሚንከራተት ሰው መሣሪያው መልኩን መደበቅ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የምትወጣው መነኩሴ መስላ ነው። ልዩነቱ በዋጋው ላይ ነው። ለጦቢያ ልብሱ አስቂኝ የፍቅር መዘዝ ያመጣና በሠርግ ያልቃል፤ ሰብለ ግን ለጊዜው የለበሰችውን የምንኩስና ልብስ በዛብህ ከሞተ በኋላ የምር ትለብሰዋለች።

ከመትረፍ በኋላ ያለው ሕይወት ለደራስያን ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። ጎልዲንግ ሊያድን የመጣው መኮንን ራሱ በጦር መርከብ ላይ እንዳለ አሳይቶ እዚያው ያቆማል። ያን ማርቴል በ2001 ባሳተመው «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ከነብር ጋር 227 ቀን በባሕር ላይ የኖረው ልጅ ለጃፓን መርማሪዎች ነብር የሌለበት ሌላ ታሪክ ይነግራቸዋል፤ ምርጫውን ለእነሱም ለአንባቢም ይተዋል። ዲፎ ግን አላረፈም። ክሩሶን ሀብታም አድርጎ ካስመለሰው በኋላ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት ሁለተኛ ቅጽ አሳተመ። ክሩሶ ቤቱ መቀመጥ አቅቶት እንደገና ይጓዛል፤ ደሴቱን ይጎበኛል፣ እስከ ቻይናና ሳይቤሪያ ይደርሳል። ገንዘብ አለው፣ ጓዝ አለው፣ አጃቢ አለው፤ አንድ ሳንቃ ለማግኘት አንድ ዛፍ መጥረብ አይኖርበትም። ይህን ቅጽ ዛሬ የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው።